«የልጅነት ብስጭት ነው ደም ብዛት ያመጣብኝ» ለሚል ሰው ምን ይመለስለታል?

ኤክስቴንሽን_መንዝ

ሰላም ለዚህ ቤት። በመንዝ ማማ በኩል የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። በሚመጣው ወር ለእናቶች የልጅ አስተዳደግ ውይይት አለብኝ፤ በዚያው ቀን ለጎልማሶች የደም ግፊት እንለካለን። ሁለቱን ያገናኘብኝ የሰዉ ወሬ ነው። ግፊቱ ከፍ ያለበት ሰው «የልጅነት ብስጭት ነው፤ እንጀራ እናት ያሳደገችው ሰው መቼ ጤና አለው» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠች ወጣት እናት ደግሞ ልጇን ኩርኩም አቅምሳ «ልጅ ምን ያውቃል፣ ሳይመሽ ይረሳዋል» ትላለች። በአንድ ስብሰባ ላይ ለሁለቱም መልስ መስጠት ይጠበቅብኛል።

ከልብ የሚሆነውን ሳይሆን በጥናት የተያዘውን ነው የምፈልገው። ግንኙነቱ በቁጥር ምን ያህል ነው? በሰውነት ውስጥ በምን በኩል ያልፋል? ከኢንተርኔት አሥር ጥያቄ ያለው የልጅነት መከራ መቁጠሪያ ቅጽ አውርጃለሁ፤ ለእናቶቹ ላስሞላ ወይስ ይቅር? ቤት ለቤት ስዞርስ ከ3 ዓመት በታች ላሉት ምን ላሳይ? አሻንጉሊት የሚገዛ በጀት የለም።

ነርስ_ደብረሲና

እህቴ፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። እናቲቱ ልክ የምትሆነው ከ3 ዓመት ዕድሜ በፊት የሆነውን አብዛኛው ሰው በቃል ስለማያስታውሰው ነው። ሰውነቱ ግን አልረሳም። ሰውየውም ልክ ነው፣ ግን «ብቻ» ካለ ተሳስቷል።

ቁጥሩ የመጣው በዋናነት ካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ውስጥ ከተሠራ ጥናት ነው። ዶክተር ቪንሰንት ፌሊቲ ከካይዘር ፐርማነንቴ የጤና ድርጅት፣ ዶክተር ሮበርት አንዳ ከአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ሆነው እ.ኤ.አ. 1998 የመጀመሪያውን ውጤት አወጡ። ያኔ የተተነተነው የ9,508 ጎልማሶች መልስ ነበር፤ ሁለቱ ዙሮች ሲደመሩ ከ17,000 በላይ ሆነዋል። አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት የልጅነት መከራ (ድብደባ፣ ቸልታ፣ የቤት ውስጥ ጠብና የመሳሰለው) ያዩት ምንም ካላዩት ጋር ሲነጻጸሩ የልብ ደም ስር በሽታ 2.2 እጥፍ፣ ስትሮክ 2.4፣ ስኳር 1.6፣ የቆየ የሳንባ በሽታ 3.9 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የአእምሮው ጎን ከዚህም ይከብዳል፤ ድባቴ 4.6፣ የመጠጥ ሱስ 7.4፣ ራስን ለማጥፋት መሞከር 12.2። እ.ኤ.አ. 2017 ደግሞ 37 ጥናቶችን፣ ከ250,000 በላይ ሰዎችን የደመረ ትንተና ወጥቶ ተመሳሳይ ደረጃ አሳይቷል፤ ከስኳርና ከውፍረት ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ፣ ከልብና ከሳንባ ጋር መካከለኛ፣ ከአደንዛዥ እፅና ራስን ከመጉዳት ጋር በጣም ጠንካራ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ደም ብዛት ራሱ በ1998ቱ ጽሑፍ የበሽታ ዝርዝር ውስጥ የለም። እሱን የያዘው ሌላ ጥናት ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ሰዎችን ከልጅነት ጀምሮ ለ23 ዓመት እየለካ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. 2015 ሲታተም፣ ብዙ መከራ ያዩት ሰዎች ግፊት ቶሎ ቶሎ መውጣት የጀመረው ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ እንደሆነ አሳየ። በ15 እና በ20 ዓመቱ ብትለኪው ምንም አታዪበትም። ስለዚህ «ድሮ ደህና ነበርኩ፣ አሁን ከየት መጣ» ለሚል ሰው ይህ ጥሩ መልስ ነው።

ለስብሰባ ግን «እጥፍ» የሚለውን ቃል አትጠቀሚ፣ ሰው ያስደነግጣል። በጣት የሚቆጠር አድርጊው። ለምሳሌ ከ100 ሰው 5ቱን ስኳር ይይዛቸዋል ብንል፣ 1.6 እጥፍ ማለት ወደ 8 ይጠጋል ማለት ነው። 92ቱ አይያዙም። ይህን ካላልሽ ከባድ ልጅነት ያሳለፈ ሁሉ «አለቀልኝ» ብሎ ይሄዳል።

ስነልቦና_ደብረብርሃን

በሰውነት ውስጥ ያለውን መንገድ እኔ ልያዝ። የሚከተለውን አስቢ። አባት ከጠላ ቤት አምሽቶ የሚመለስበት ቤት ነው። የ4 ዓመት ልጅ ባና ተከናንቦ ተኝቷል ይባላል እንጂ አልተኛም፤ የውሻውን ጩኸት፣ የእርምጃውን ክብደት፣ መወርወሪያው እንዴት እንደተነካ ያዳምጣል። በአንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል ፒቱታሪ የሚባለውን ዕጢ ያነቃል፣ ፒቱታሪ ከኩላሊት በላይ ያለውን አድሬናል ዕጢ ያዝዛል፣ ኮርቲዞል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ይፈስሳል። ልብ ይመታል፣ ስኳር ወደ ደም ይለቀቃል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ለአንድ ሌሊት ከሆነ ጤነኛ ምላሽ ነው፣ የተሠራውም ለዚያ ነው። በየማታው ለዓመታት ሲሆን ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ኮርቲዞል በተፈጥሮው ሰዓት አለው። ከእንቅልፍ ከተነሱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል። ብዙ የተጨነቁ ልጆች ላይ ይህ ከፍና ዝቅ ይሞትና ዝርግ ይሆናል፤ በአንዳንዱ ሁልጊዜ ከፍ፣ በአንዳንዱ ደግሞ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ «ኮርቲዞል ያስለኩ» የሚል ማስታወቂያ ብታዩ ገንዘባችሁን ያዙ። አንድ ጊዜ የተወሰደ ልኬት ስለ ልጅነት ምንም አይነግርም።

ሁለተኛው መንገድ ብግነት ነው። በኒውዚላንድ ደኒደን ከተማ እ.ኤ.አ. 1972 እና 1973 የተወለዱ 1,037 ልጆች እስከ ጉልምስና ተከታትለዋል። በልጅነታቸው የተበደሉት 32 ዓመት ሲሞላቸው በደማቸው ውስጥ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለው የብግነት ምልክት ከፍ ብሎ ተገኘ። ቁስል የለ፣ ኢንፌክሽን የለ፣ ሰውነቱ ግን በዝቅተኛ እሳት ይንተከተካል። የደም ስር ግድግዳን ቀስ በቀስ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ልማድ ነው፤ አረቄ፣ ሲጋራ፣ ጫት፣ እንቅልፍ ማጣት። ሰው ውስጡ የማይበርድ ነገር ሲኖር ማብረጃ ይፈልጋል፤ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ያሳደገው ነገር በአረቄ ይታጠባል። ከበሽታው አንዱ ክፍል የሚያልፈው በዚህ በር ነው፤ ሆኖም ልማዱ በስሌት ተቀንሶ እንኳ በብዙ ጥናት ውስጥ የተወሰነ ልዩነት ይቀራል።

ወሳኙ ነጥብ ይኸውና፦ ጭንቀት ሁሉ መርዝ አይደለም። ልጅ ለመጀመሪያ ቀን ዜሮ ክፍል ሲገባ አልቅሶ ቢውል ይጠነክርበታል። አያቱ ሲሞቱ ከባድ ነው፣ ግን የሚያቅፈው ሰው ካለ ያልፋል። መርዝ የሚሆነው ጭንቀቱ ከባድና ተደጋጋሚ ሆኖ የሚያረጋጋ ትልቅ ሰው ሲጠፋ ነው። ያ ሰው የግድ እናት መሆን የለበትም፤ አክስት ትሁን፣ አያት ይሁን፣ ዋናው ሳይቀያየር መቆየቱ ነው።

ቅጹን በተመለከተ፦ አታስሞዪ። አሥሩ ጥያቄዎች የተሠሩት ሕዝብን ለማጥናት ነው እንጂ አንድን ሰው ለመመርመር አይደለም። ከራሱ ጥናት መሪዎች አንዱ የሆነው ሮበርት አንዳ እ.ኤ.አ. 2020 ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ ጽፏል፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሌላ ጥናትም ነጥቡ ማን እንደሚታመም ለይቶ ለመናገር እንደማይበቃ አሳይቷል። ቅጹ ጦርነትን፣ መፈናቀልን፣ የወላጅ ሞትን አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሰፊው መጠይቅ እነዚህን ይጨምራል፣ እሱም ቢሆን ከ18 ዓመት በላይ ላሉ ለጥናት የሚውል ነው። በዚያ ላይ ጎረቤትና ጎረቤት በተቀመጡበት አዳራሽ «በልጅነትሽ ያላግባብ የነካሽ ሰው ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል? የነካት ሰው ወንድም እዚያው ሊቀመጥ ይችላል።

ቁጥር_እነዋሪ

የሁለታችሁን አከብራለሁ፣ ግን የሳንዲያጎን ቁጥር ቀጥታ ወደ መንዝ አትጫኑት። ያ 3.9 የሚባለው የሳንባ ቁጥር በከፊል በሲጋራ በኩል ያለፈ ነው። የእኛ ደጋ እናት ሲጋራ አታውቅም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የምትተነፍሰው የኩበት ጭስ ነው። ሳንባዋ ሲያፍናት «ልጅነት ነው» ብሎ ምድጃውን መርሳት ስህተት ነው። ግፊትም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል፤ ያ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ወጡ፣ በርበሬው፣ ጨው ያለበት ቡናው ሲደመር የት እንደሚደርስ ራሳችሁ ቁጠሩት።

ከሌላ አገር ይልቅ ከራሳችን የምንማረው አለ። የ1977ቱን ድርቅ ያዩ ሕፃናት ከ20 ዓመት በኋላ ተለክተዋል። ድርቁ በበረታበት ወቅት ከ12 እስከ 36 ወር ዕድሜ ላይ የነበሩት ሲያድጉ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቁመት ነበራቸው፤ አንደኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድላቸውም ቀንሶ ተገኝቷል። ጥናቱ የተመሠረተበት የገጠር ቤተሰብ ዳሰሳ ከያዛቸው መንደሮች መካከል ከአንኮበር በታች ያለችው ዲንኪና የደብረ ብርሃን ዙሪያ ቀበሌዎች ይገኙበታል። ከ3 ዓመት በላይ የነበሩት በዚያ ልክ አልተጎዱም። ለእናቶቹ «ለምን እስከ ሁለትና ሦስት ዓመት?» ብትባዪ መልሱ ይኸው ነው።

ረሃብና ጭንቀት ደግሞ አይነጣጠሉም። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት 46 በመቶው ቀንጭረው ነበር። የቀነጨረ ልጅ ዝም ይላል፣ አይዳስስም፣ አይጠይቅም፤ እናትም «ጨዋ ልጅ» ትለዋለች፣ ዝም ስላለ ታናግረው ዘንድ ምክንያት አታገኝም።

ኤክስቴንሽን_መንዝ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅጹን ትቼዋለሁ። አንድ ልጨምር። ከአጣዬ በኩል ተፈናቅለው ዘመድ ተጠግተው የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። የ5 እና የ6 ዓመት ልጆች ንጽሕና ይዘው ሳለ እንደገና በእንቅልፍ መሽናት ጀምረዋል፤ የ8 ዓመቷ ደግሞ ሁልጊዜ «ሆዴን» ትላለች፣ የሰገራ ምርመራዋ ግን ነጻ ነው። ወላጆቹ መድኃኒት ስጪን ይላሉ። ምን ልበል?

ነርስ_ደብረሲና

መጀመሪያ አካላዊውን ዝጊ። ቢያንስ 6 ወር ደርቆ የቆየ ልጅ እንደገና ሲሸና ሽንቱ ለስኳርና ለኢንፌክሽን ይመርመር፤ ሆድ ድርቀትም ይጠየቅ፣ ምክንያቱም የሞላ አንጀት ፊኛን ይጫናል። ልጁ ብዙ ውሃ የሚጠጣ፣ ቀንም ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ እየከሳ ያለ ከሆነ ነገ አትበዪ፤ በዚያው ቀን የደም ስኳሩ ይለካ። በልጅ ላይ የሚመጣ ስኳር በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ይህ ሳይታይ «ከድንጋጤ ነው» የሚባል ነገር የለም።

ነጻ ከሆነ በኋላ ቤት ውስጥ የሚሠራው ይህ ነው። ማታ ከመተኛቱ ሁለት ሰዓት በፊት መጠጥ ይቀነስ፣ ቀን ግን እንደ ልቡ ይጠጣ። ሊተኛ ሲል ይሽና። አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ብርድ ነው፣ «አያ ጅቦ መጣልህ» እየተባለ ያደገ ልጅ ሌሊት በሩን ከፍቶ አይወጣም። ፖፖ ወይም አሮጌ ጣሳ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፣ ባናው ሥር ላስቲክ ይነጠፍ። ከሸና ልብሱ ያለ ወሬ ይቀየር። «ሽንታም» የሚለው ቃል፣ ለጎረቤት መናገር፣ ማሳፈር ነገሩን በወራት ያራዝመዋል።

የልጅቷን ሆድ አትናቂው፣ ውሸት አይደለም፤ የአንጀትና የአንጎል መስመር በእርግጥ ይታመማል። ግን የሚያስቸኩሉትን እወቂ፦ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ደም ያለበት ሰገራ፣ ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ በቀኝ ሆድ በታች የሚቆም ሕመም። ከእነዚህ አንዱ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ። ከሌለ ሕመሙ የሚመጣበትን ሰዓት ለሁለት ሳምንት መዝግቢ። ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ብቻ ከሆነ፣ ወይም ጠብ በተነሳ ማግስት ከሆነ፣ መዝገቡ ራሱ ይነግርሻል።

መድኃኒት ለሚሉሽ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. 2013 ባወጣው መመሪያ ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ለጭንቀትም ሆነ ለእንቅልፍ ዲያዜፓምና መሰሎቹ ለሕፃናት እንዳይሰጡ ከልክሏል።

ስነልቦና_ደብረብርሃን

ከነርሷ ላይ ልጨምር። ልጁን «የሆነውን ንገረኝ» ብሎ መጎትጎት አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ አስቀምጦ ሁሉን ማስተረክ የሚባለው ዘዴ አይመከርም። ራሱ ካነሳው ይሰማ፣ በአጭሩ ይመለስለት፣ ውሸት አይነገረው። «አባባ ነገ ይመጣል» ከተባለና ካልመጣ ሁለተኛ አያምናችሁም። የሚያረጋጋው ተደጋጋሚ ነገር ነው፤ በአንድ ሰዓት መተኛት፣ በአንድ ሰዓት መብላት፣ ቢቻል ወዲያው ትምህርት ቤት መግባት።

ከዚያ እናቲቱን እዪ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ ይላት የነበረው ነገር አላስደስት ብሏት እንደሆነ፣ ተስፋ ቆርጣ ወይም አዝና ከርማ እንደሆነ ለብቻዋ ጠይቂ። ከሁለቱ ለአንዱ «አዎ፣ ብዙውን ቀን» ካለች ልጁን ማከም ከእሷ ይጀምራል። ራሷን ስለማጥፋት ካነሳች ብቻዋን ትተሻት አትውጪ። አንድ ወር አልፎት የማይጫወት፣ የማይበላ፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅም ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ሕፃናት_ሸዋሮቢት

የቤት ለቤቱን ማንም አልነካውም። ይህ በጣም የተፈተነ ነገር ነው። ጃማይካ ኪንግስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ9 እስከ 24 ወር የሆናቸው 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመድበው፣ ለተወሰኑት የማህበረሰብ ጤና ረዳቶች በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ቤታቸው እየሄዱ ለሁለት ዓመት እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር አጫወቱ። ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚህ ልጆች ገቢ ካልተጎበኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። እዚያው አገር በተሠራ ሌላ ሙከራ ወር በወር የሚደረግ ጉብኝት ምንም አልፈየደም፣ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ፣ በየሳምንቱ ግን በደንብ። ስለዚህ 40 ቤት በወር አንድ ጊዜ ከምትዞሪ 10 ቤት በየሳምንቱ ያዢ።

ዕቃው ከቤቱ ይገኛል። የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከጨርቅ የተሰፋ አሻንጉሊት፣ የቆርቆሮ ክዳን (ጠርዙ ታጥፎ)፣ ጠጠር ገብቶበት ክዳኑ የታሰረ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ጣሳዎች። በልጁ አፍ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር አይሰጥ፤ ቆሎና ጥሬ ባቄላም ለታናሾቹ አደጋ ነው፣ ያንቃል። ለ9 ወር ልጅ ጣሳ በጨርቅ ሸፍኖ «የት ሄደ?»። ለዓመት ተኩል «አምጣ፣ ስጠኝ፣ አስገባ»። ለሁለት ዓመት ኩኩሉ፣ የአካል ክፍል ስም፣ ቆረቆንዳን በትልቅና በትንሽ መለየት።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ጎብኚዋ ራሷ ከልጁ ጋር ትጫወታለች፣ እናት ቆማ ታያለች። ዕቃውን በእናት እጅ አድርጊ፣ አንቺ ከኋላ ተቀመጪ። ልጁ ድምፅ ሲያወጣ እናት ትመልስ፣ ከዚያ አፏን ዘግታ እስከ አምስት ትቁጠር። ልጁ የሚመልሰው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው፤ ቸኩላ ከሞላችው ተራው ያልፈዋል። ለመውጣት ስትነሺ ዕቃውን እዚያው ትተሽ ባለፈው ሳምንት የተውሽውን ውሰጂ፤ ልጅ አዲስ ያገኛል፣ አንቺም ደጋግመሽ አትሠሪም።

ስለ ቅጣት ከተጠየቅሽ፣ በርበሬ ማጠንን በግልጽ አውግዢ፤ ሳንባ የሚጎዳ ነው። ለኩርኩሙ ግን «አትምቺ» ብቻ ካልሽ አትሰማሽም፣ ምትክ ስጪያት። ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ዕቃው ይነሳል እንጂ ልጅ አይቀጣም፣ ገና አይገባውም። ከዚያ በላይ አጭር ትእዛዝ ከቅርብ ሆኖ፣ ዓይኑን እያዩ፣ አንድ ጊዜ።

«አሁንማ አለፈበት» ለምትል እናት ደግሞ በሩማንያ ቡካሬስት የተሠራ ጥናት አለላት። በማሳደጊያ ይኖሩ የነበሩ ከ6 እስከ 31 ወር ዕድሜ ያላቸው 136 ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሲገቡ፣ ከ24 ወር በፊት የገቡት በብዙ ነገር የበለጠ አገገሙ። ዘግይተው የገቡትም ግን እዚያው ከቀሩት ይሻሉ ነበር።

ነርስ_ደብረሲና

ለጎልማሶቹ ስትለኪ አንድ ማስታወሻ። ሰውየው ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ነክቶ፣ ክንዱ በልብ ልክ ሆኖ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። በካፖርት ወይም በጋቢ ላይ አትለኪ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ የሚያስጨንቅም ከሆነ ይውለቅ። ሁለት ጊዜ በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ልዩነት ለኪ። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገም እንጂ በአንድ ቀን «ደም ብዛት አለብህ» አይባልም፤ 180 በ110 ካለፈ ግን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። የልጅነት ታሪኩን ካወራልሽ ስሚው፣ ለመድኃኒቱ ግን ለውጥ አያመጣም፤ ልኬቱና ክትትሉ ለሁሉም አንድ ነው።

ከናንተ በኩል የሚመጡት ዳገት ወጥተው ስለሚደርሱ 5 ደቂቃው አይበቃቸውም። መጀመሪያ ውይይቱን አድርጊ፣ ከዚያ ለኪ።